አሥር እጥፍ የሚከፈልበት ሌንስ

የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በብዛት የሚቀመጡት የክሊኒክ ማይክሮስኮፖችና የአስጎብኚዎች ባይኖኩላሮች ናቸው። ቴሌስኮፕ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣልኝ። ባለፈው ሳምንት ግን እዚሁ ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ሱቅ ያለው አንድ ወጣት ሁለት ይዞ መጣ። አንዱ የራሱ ነው፤ ሌላውን ሊገዛው አስቦ አስመርምሮ ሊመልስ ከባለቤቱ ተውሶታል። ሁለቱም ባለሌንስ ናቸው፤ የሁለቱም የፊት ሌንስ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ነው። የራሱን በ250 ዶላር ገዝቶታል። ለሁለተኛው 2,500 ተጠይቋል።

«ጋሼ፣ ስፋታቸው እኩል ነው። አሥር እጥፍ የምከፍለው ለምኑ ነው?» አለኝ።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከሌንሱ ጠባይ ነው። ሌንስ ብርሃን ሲያልፍበት ሰማያዊውን ከቀዩ አብልጦ ስለሚያጥፈው ቀለሞቹ አንድ ቦታ ላይ አይገናኙም። ለንደን ውስጥ ጆን ዶሎንድ የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የ1758ቱ ዘዴ ሁለት ዓይነት ብርጭቆ አጣምሮ ቀለሞቹን ማቀራረብ ነበር። ርካሹ ቴሌስኮፕ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ነው። ወይን ጠጁ ግን አሁንም ያመልጣል፤ ደማቅ ኮከብ ወይም ጁፒተር ሲታይ ዙሪያውን ጭጋግ ሆኖ ይከበዋል። በውዱ ላይ ከሁለቱ አንዱ ሌንስ ብርጭቆ አይደለም፤ በምድጃ ቀስ እያለ ያደገ የካልሲየም ፍሎራይድ ክሪስታል፣ ማለትም ፍሎራይት ነው። ፍሎራይት ቀለም እምብዛም አይበትንም። ለመሥራት ግን አስቸጋሪ ነው፤ የዋጋው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ማታ ከዝናብ በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ሁለቱንም ጣራ ላይ አወጣናቸው። 50 ጊዜ አጉልተን የኮከብ ክምችት ስናይ ወጣቱ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ተቸግሬ ነበር። ጁፒተርን 200 ጊዜ ስናጎላው ግን በርካሹ መቀነቶቹ ደበዘዙ፤ በውዱ ጠርዛቸው ተቆርጦ ታየ። ልጁ ዓይኑን ከመነጽሩ ሳያነሳ ረጅም ጊዜ ቆየ።

እዚህ ላይ ካምፓላ ለጥሩ ሌንስ ታደላለች። ከምድር ወገብ የምትርቀው ሲሶ ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ፕላኔቶች ከአናታችን ብዙ ሳይርቁ ያልፋሉ። ወደ አድማስ ዝቅ ያለ ፕላኔት በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚታይ አየሩ ራሱ ቀለሙን ይበትነዋል፤ እንዲያ ሲሆን ውድ ሌንስም አያድንም። እኛ ዘንድ የተከፈለበት ጥራት ዓይን ድረስ ይደርሳል።

ብርሃንን በተመለከተ ግን ገንዘቡ የሚጨምረው ነገር የለም። 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለመስታወት ቴሌስኮፕ ከሁለቱም አራት እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል፤ ዋጋውም ከፍሎራይቱ በብዙ ያንሳል። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ባለመስታወት የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቅ ሌንስ በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ቢጠይቀኝ መልሴ ያለ ማመንታት ባለመስታወት ነው። ክሊኒኮችንም ለማይክሮስኮፕ ውድ ሌንስ እንዳይገዙ ነው የምመክራቸው፤ የወባ ተውሳክ አክሮማት በሚባለው ተራ ሌንስ በደንብ ይታያል።

በማግስቱ ፍሎራይቱን ጨለማ ክፍል አስገብቼ ከጎን በባትሪ አበራሁበት። በሁለቱ ሌንሶች መካከል፣ ከጠርዙ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ታየኝ። ሻጋታ ነው። ባለቤቱ ዓመታት በስፖንጅ በተለበጠ ሳጥን ዘግቶ አስቀምጦታል። የቪክቶሪያ ሐይቅ እርጥበት ባለበት ከተማ፣ በተለይ በሁለቱ የዝናብ ወቅቶች፣ እንዲህ ያለ ሳጥን ለሻጋታ ምቹ ቤት ነው። ሻጋታው የሌንሱን ሽፋን ይበላል፤ ሲቆይ ሌንሱንም ይፍቀዋል። ጥንዱን ሌንስ ፈትቶ አጽድቶ መልሶ በትክክል ማገናኘት የፋብሪካ ሥራ ስለሆነ በእኔ ጠረጴዛ አልሞክረውም።

ፍርዴን ነገርኩት፦ ጨረቃን፣ ፕላኔትንና ጥንድ ኮከብን አጉልቶ ለሚያይ ሰው ንጹሕ ፍሎራይት ዋጋው ይገባዋል፤ ይህ ግን በዚህ ዋጋ አይገዛም። ኦሃራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከሚያመርተው ኤፍ.ፒ.ኤል. 53 ብርጭቆ የተሠራ ባለ 100 ሚሊ ሜትር በ1,000 ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ በዓይን ሲያዩበት ለፍሎራይት በጣም ይቀርባል። በተረፈው ገንዘብ የማይንቀጠቀጥ ጠንካራ ማቆሚያ ይግዛ። 200 ጊዜ ሲጎላ ማቆሚያው ከተነቃነቀ የትኛውም ሌንስ አይጠቅምም።

እናንተም ቤታችሁ ቴሌስኮፕ፣ ባይኖኩላር ወይም ካሜራ ካለ ዛሬ ማታ ከሳጥኑ አውጥታችሁ በባትሪ እዩት። ክር ካላያችሁ ክዳኑ በሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት፤ ሲሊካውንም እርጥበት ሲጠግብ አድርቁት።