በኮርኪ እግር የቆመ ፉርጎ

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉት የየካ ተዳፋት ሰፈሮች መጫወቻ መኪና ከሱቅ ሳይገዛለት ያደገ ልጅ ብዙ ነው። ሻንሲው ሽቦ፣ ጋቢናው የቲማቲም ጣሳ፣ እግሩ ኮርኪ። ጎረምሶቹ ደግሞ ጋራዥ የጣለውን ኩሽኔታ ከሳንቃ ጋር አያይዘው ቁልቁለቱን ይንደረደሩበታል። ይህ ሁሉ የልጅ ጨዋታ ተብሎ ይታለፋል፤ ባሕር ማዶ ግን ይህን የሚመስል ሥራ ሽበት ያወጡ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚይዙት የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው። ባቡር አሳንሶ መሥራት ይባላል። በአሜሪካ የዚህ ሥራ ወዳጆች እ.ኤ.አ. በ1935 ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመው የሐዲዱን ስፋትና የእግሩን ቅርጽ በደንብ ወስነዋል።

አብዛኛው ሰው በፋብሪካ የተዘጋጀውን ገዝቶ ይገጣጥማል። ጥቂቶች ግን የዕቃ ፉርጎን ከባዶ፣ ከሳንቃና ከላሜራ ቁራጭ ተነስተው ይሠራሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፋብሪካዎቹ በብዛት የሚያወጡት የአሜሪካን፣ የጀርመንንና የጃፓንን ባቡር ነው። የለገሃርን፣ የድሮውን የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር፣ ፉርጎ የፈለገ በእጁ ይሥራ!

የለገሃር ባቡር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበር። በመገናኛ በኩል ወደ አያት የሚያልፈው ቀላል ባቡርም ሆነ አዲሱ የጅቡቲ መስመር የሚሄዱበት ሐዲድ ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ የሌላ አገር ፉርጎ ገዝቶ ቀለም መለወጥ ብቻ አያዋጣም፤ እግሩ ለአንድ ሜትር ሐዲድ ሰፍቶ ያስቃል።

የጣሳ መኪናን ከሞዴል የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ መስፈርት፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ። በዓለም ላይ በጣም የተለመደው 1 ለ87 ነው። በዚህ መስፈርት ኮርኪን እግር ማድረግ አይቻልም። ኮርኪ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በ87 ሲባዛ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ የሆነ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ መንኮራኩር ይወጣዋል። በ1 ለ22.5 ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያው ኮርኪ 72 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ለሜትር ሐዲድ ፉርጎ ብዙም የማይርቅ። የሚገርመው፣ ይህ መስፈርት አውሮፓ ውስጥ የተለመደው ለዚሁ ለባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ነው፤ የሞዴሉ ሐዲድ 45 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የየካ ልጆች ሳያውቁት ትክክለኛውን እግር ይዘው ኖረዋል ማለት ነው። የድሮው መስመር ሙሉውን በዚህ መስፈርት ቢዘረጋ 35 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የአዲስ አበባ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች ተደምረው የሚሸፍኑትን ያህል ነው።

ኮርኪ ጉድለትም አለው። ወጣ ያለው ጠርዙ እንደ እውነተኛ የባቡር እግር ከንፈር ከሐዲዱ ውስጠኛ ጎን ይውላል፤ ግን ጥርስ ጥርስ ስለሆነ ፉርጎው ሲሄድ ይንገጫገጫል። በሞረድ ማስተካከል ያስፈልጋል። መሐሉ በትክክል ካልተበሳ ደግሞ ይወላገዳል፤ ለመደርደሪያ ካልሆነ በቀር ከእንጨት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተላገ እግር ይሻላል።

ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ፉርጎ በ1 ለ22.5 መስፈርት 44 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለወለሉና ለግድግዳው ኮምፔንሳቶ ይበቃል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በቅርብ ቢገኝም ለዚህ አይመከርም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጭራሮው ግን ክዳን ለሌለው ፉርጎ ጥሩ ጭነት ይወጣዋል። የእውነተኛው ፉርጎ የግድግዳ ሳንቃ ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከነበረ በየ7 ሚሊ ሜትሩ ገደማ በማስመሪያና በምላጭ ጀርባ ይሰመራል፤ መስመሩ ሲጠልቅ ሳንቃ በሳንቃ የተገጠመ ይመስላል። የማዕዘኑ ብረት ከጣሳ ይቆረጣል። በወፍራም ካርቶን ላይ ተገልብጦ ቀለሙ ባለቀ ቢክ ጫፍ ነጥብ ነጥብ ሲጫን፣ በፊቱ በኩል የሚስማር ራስ የመሰለ ጉብታ ይወጣል። ይህ የሥራው ሁሉ ጣፋጭ ክፍል ነው። ለፍሬን ዘንግ ስቴኪኒ፣ ለበር እጀታ ሽቦ፣ ማያያዣው ኮላ።

ልኩን ከፎቶ መገመት ያሳስታል። ድሬዳዋ የባቡር ጣቢያ ያሉትን አሮጌ ፉርጎዎች የማየት ፈቃድ ያገኘ ሰው ሜትር ይዞ መሄድ አለበት፤ ርዝመት፣ ቁመት፣ የበር ስፋት፣ በእግርና በእግር መካከል ያለው ርቀት። መለካት ካልተቻለ ምልክት የተደረገበት ዱላ ከጎኑ አቁሞ ፎቶ ማንሳት ብዙ ይረዳል።

ቀለሙ አዲስ ሆኖ ከቀረ ፉርጎው መጫወቻ ይመስላል። የውሃ ቀለም ቡኒ በጣም ቀጥኖ ከሚስማሮቹ ሥር ወደ ታች ሲጎተት ዝገት ይሆናል፤ በደረቅ ብሩሽ የተነካ ፈዛዛ ቢጫ ደግሞ የአዋሽን አቧራ ያመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያበዛል፤ ፉርጎው ከጭቃ የወጣ እስኪመስል።

የቀለለ ፉርጎ መታጠፊያ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። ስለዚህ ወለሉ ላይ፣ በመሐል መስመር፣ ብሎንና ዳዶ ይለጠፋል፤ ከፊትና ከኋላ እኩል እንዲሆን። ጣሪያውም ባይጣበቅ ይመረጣል፤ ክብደቱ እስኪስተካከል ድረስ ደጋግሞ መክፈት አይቀርም።