የህንድ የስማርት ሲቲ ፕሮግራም በመካከለኛ ከተሞች፦ ለነዋሪው ምን አስገኘ?

ስማርት ሲቲ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ካሜራና ኮምፒዩተር ነው። ለተገልጋዩ ግን ዋናው ጥያቄ የውኃ፣ የመንገድና የጽዳት አገልግሎት ተሻሽሏል ወይ የሚለው ነው። የህንድ ተሞክሮ ለዚህ ጥያቄ ጠቃሚ ምላሽ ይሰጣል።

የፕሮግራሙ አደረጃጀት

የህንድ መንግሥት ፕሮግራሙን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2015 ሲሆን፣ 100 ከተሞች በውድድር ተመርጠዋል። በጃንዋሪ 2016 በታወቀው የመጀመሪያ ዙር ቡባነሽዋር ቀዳሚ ስትሆን፣ በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ከ500 ሺህ በታች ነዋሪ የነበራቸው ካኪናዳና ኡዳይፑርም ተካተዋል። ማዕከላዊ መንግሥቱ በ5 ዓመት 480 ቢሊዮን ሩፒ የመደበ ሲሆን፣ ግዛቶችና ከተሞች ተመጣጣኝ ድርሻ እንዲያዋጡ ተደርጓል። የትግበራ ጊዜው በተደጋጋሚ ተራዝሞ በማርች 2025 ተጠናቋል።

የተገኙ ለውጦች

በ100ዎቹም ከተሞች የትራፊክ መብራትን፣ የደኅንነት ካሜራዎችንና ሌሎች አገልግሎቶችን ከአንድ ቦታ ለመከታተል የሚያስችሉ የተቀናጁ የቁጥጥር ማዕከላት ተቋቁመዋል። በ2020 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ብዙዎቹ ማዕከላት ለምላሽ ሥራው ማስተባበሪያነት አገልግለዋል።

ከ2017 ጀምሮ በአገር አቀፍ የጽዳት ምዘና በተከታታይ አንደኛ የወጣችው ኢንዶር በበኩሏ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። የቆሻሻ መኪኖች እንቅስቃሴ በቴክኖሎጂ ክትትል ይደረግበታል። ሆኖም ነዋሪው ቆሻሻን በየቤቱ ለይቶ ባያስረክብና መኪናው በየዕለቱ ከደጁ ባይደርስ ኖሮ ክትትሉ ብቻውን ከተማዋን ባላጸዳ ነበር።

የታዩ ክፍተቶች

የመጀመሪያው የሽፋን ጉዳይ ነው። አብዛኛው በጀት የዋለው በየከተማው ለተመረጠ አንድ አካባቢ ነው። በመመሪያው መሠረት ነባር ሰፈርን ለማሻሻል ዝቅተኛው ስፋት 500 ኤከር ወይም 200 ሄክታር ገደማ ነው። በመሆኑም ከክልሉ ውጭ የሚኖረው ሰፊው ሕዝብ ከአዲሱ መንገድና የፍሳሽ መስመር እኩል ተጠቃሚ አልሆነም።

ሁለተኛው የተጠያቂነት ጉዳይ ነው። ፕሮጀክቶቹን የመሩት ግዛቱና ማዘጋጃ ቤቱ እኩል ድርሻ የያዙባቸው ልዩ ኩባንያዎች ናቸው። ይህ ግዥንና ውሳኔን ለማፋጠን የታሰበ ቢሆንም፣ የተመረጠውን የከተማ ምክር ቤት ሚና አሳንሷል የሚል ትችት አስከትሏል። ነዋሪው በምርጫ ድምፁ ሊጠይቅ የሚችለው ምክር ቤቱን እንጂ ኩባንያውን አይደለም።

ከዚህ ተሞክሮ በመነሳት ማንኛውም ነዋሪ ስለ መሰል ፕሮጀክቶች ሦስት ነጥቦችን ቢጠይቅ ተገቢ ነው፦

• አገልግሎቱ የእኔን ሰፈር ያካትታል?
• ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ የጥገና ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው?
• ቅሬታ ሲኖረኝ ምላሽ የመስጠት ግዴታ ያለበት አካል የትኛው ነው?