የኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ፦ ወጪውና የሙያ ጥቅሙ ሲመዘን

በአንድ ወረዳ ሆስፒታል ጥቂት ዓመታት ያገለገለ ጠቅላላ ሐኪም፣ ጤና ጣቢያ የሚመራ ጤና መኮንን ወይም ነርስ ትምህርቱን ስለ መቀጠል ሲያስብ በቅድሚያ ከሚታዩት አማራጮች አንዱ የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ዲግሪ ነው። የሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ቢያንስ ሦስት ዓመት ሲጠይቅ ይህኛው በሁለት ዓመት ገደማ ስለሚጠናቀቅ እንደ አቋራጭ መንገድ የሚያዩት አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከውሳኔው በፊት ሊመዘኑ የሚገባቸውን ዋና ዋና ነጥቦች ማመልከት ነው።

የሙያው አጀማመር

የኅብረተሰብ ጤና ሥልጠና በአገራችን የተጀመረው ከችግር በመነሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ የብዙ ሰው ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ማሠልጠን ጀመረ። በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ትምህርቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1984 ነው። ያን ጊዜ ባለ ዲግሪው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን በርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችና የግል ኮሌጆች ትምህርቱን ስለሚሰጡ ወረቀቱ ብቻውን ባለሙያውን ከሌላው አይለየውም።

ወጪው ምን ምንን ያጠቃልላል?

ብዙ ጊዜ ወጪ ተብሎ የሚታሰበው የትምህርት ክፍያ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የቤት ኪራይ፣ የመጓጓዣ፣ እንዲሁም ለመመረቂያ ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች የሚከፈለው አበልና የኅትመት ወጪ አብረው ሊታሰቡ ይገባል። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው በትምህርት ምክንያት የሚቀር ገቢ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ተልኮ የሚማር ባለሙያ ደመወዙ ባይቋረጥም፣ የተረኝነት ክፍያውና በግል ክሊኒክ በትርፍ ሰዓት ያገኝ የነበረው ገቢ ሊቀርበት ይችላል። ከምረቃ በኋላም ለላከው መሥሪያ ቤት የማገልገል ግዴታ አለበት፤ ይህ ግዴታ በራሱ ዋጋ ነው። በራሱ ወጪ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ የሚማር ደግሞ ሥራውን ባይለቅም ከዕረፍቱና ከቤተሰቡ ጊዜ ይከፍላል።

ወደ ውጭ አገር ሄዶ በግል ወጪ መማር ይበልጥ ከባድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር የነበረው ዋጋ ከግማሽ በላይ ስለ ቀነሰ፣ ያው የዶላር ክፍያ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ባለሙያ ጠቅላላ ወጪ፣ የቀረውን ገቢ ጨምሮ፣ 240,000 ብር ነው እንበል። ከምረቃ በኋላ የተጣራ ገቢው በወር 4,000 ብር ቢጨምር ወጪውን ለመመለስ 60 ወር፣ ማለትም አምስት ዓመት ያስፈልገዋል። ጭማሪው 2,000 ብር ብቻ ከሆነ አሥር ዓመት ይፈጅበታል። ይህ ስሌት ለሠላሳ ዓመት ወጣትና ለጡረታ ለተቃረበ ሰው አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም።

ጥቅሙና የሥራ ገበያው

ዲግሪው በወረዳ፣ በዞንና በክልል የጤና አስተዳደር፣ በዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በመሳሰሉት ተቋማት በር ይከፍታል። ሆኖም ለበርካታ ተመራቂዎች ዋናው ተስፋ በውጭ ርዳታ የሚተዳደሩ ፕሮጀክቶች የሚከፍሉት የተሻለ ደመወዝ ነበር። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለኤች አይ ቪ፣ ለወባና ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የመጣው ገንዘብ ይህን ገበያ አስፍቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም ግን በዚሁ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ኮንትራት ተቋረጠ፤ የዩኤስኤይድ ሥራም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አከተመ። ስለዚህ ከዚያ በፊት በነበረው የፕሮጀክት ደመወዝ የተሠራ ስሌት ዛሬ ሊያሳስት ይችላል።

በአንጻሩ ወረርሽኝ የሚመረምር፣ መረጃ በትክክል የሚተነትንና በጀት ከሥራ ውጤት ጋር የሚያገናዝብ ባለሙያ የሚያስፈልገው ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ አይደለም። የትምህርት ዘርፍና ተቋም ሲመረጥ ይህ ዋና መመዘኛ ሊሆን ይገባል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና፣ ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን በሥራ መስክ እንዲያሳልፍ ስለሚያደርግ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው።

ከመመዝገብ በፊት

አመልካቹ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ቢያዘጋጅ ይጠቀማል። ተቋሙና የትምህርት ዘርፉ ሕጋዊ ዕውቅና አላቸውን? መሥሪያ ቤቴ ዲግሪውን የሚጠይቅ ክፍት የሥራ መደብ አለውን? ከምረቃ በኋላ ዛሬ የማልችለውን የትኛውን ሥራ መሥራት እችላለሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሌለ ምዝገባውን ለአንድ ዓመት ማዘግየት ኪሳራ አይደለም።

በሽተኛን በአልጋው አጠገብ ማከም የሚያስደስተው ሐኪም ዘመኑ አጭር ነው ብሎ ወደዚህ ሙያ ቢገባ ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። በየዓመቱ ከክረምቱ ማግሥት ከዚያው ቀበሌ የሚመጡትን የወባ ሕሙማን እያከመ “ለምን ከዚያው ቀበሌ?” ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ግን የዲግሪውን ዋጋ በደመወዝ ብቻ አይለካውም። ቢሆንም እርሱም ቢሆን አስቀድሞ ወጪውን ማስላት ይኖርበታል።