ሆሩስ የተወለደው ዲሴምበር 25 ነው? ሼር ከማድረጋችን በፊት

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ አንድ ፖስት ከያለበት ብቅ ይላል። አይታችሁት ይሆናል። በአንድ በኩል የጥንታዊት ግብፅ አምላክ የሆሩስ ምስል፣ በሌላ በኩል የኢየሱስ ሥዕል፣ መሀል ላይ ዝርዝር፦ ሁለቱም ዲሴምበር 25 ተወለዱ፣ ሁለቱም ከድንግል ተወለዱ፣ ሁለቱም 12 ደቀ መዛሙርት ነበሯቸው። ኮሜንቱን ስትከፍቱት ግማሹ «አላልኳችሁም!» ይላል፣ ግማሹ ይሳደባል። «ይሄ ነገር የት ነው የተጻፈው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም።

ዛሬ እሱን እንጠይቅ። ይሄ ጽሑፍ የማንንም እምነት ለመከላከል ወይም ለመንካት አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ስለ ጥንት ግብፃውያን ሃይማኖት የምናውቀውን ያወቅነው እንዴት ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጽሑፎቹ ራሳቸው ምን ይላሉ?

ከልደት ቀኑ እንጀምር። የጥንት ግብፃውያን ዓመት 12 ወር ነበረው፤ እያንዳንዱ ወር 30 ቀን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ 5 ተጨማሪ ቀን። «ይሄማ የኛ ጳጉሜን ነው» ካላችሁ ልክ ናችሁ። የኛ አቆጣጠር በእስክንድርያ በኩል ከዚያው የግብፅ አቆጣጠር የመጣ ነው። ግብፃውያን እነዚያን 5 ቀናት ለአምስት አማልክት ልደት ሰጥተዋቸዋል፤ ለኦሲሪስ፣ ለሆሩስ፣ ለሴጥ፣ ለኢሲስና ለኔፍቲስ። የሆሩስ ሁለተኛው ቀን ነው፤ በኛ አባባል ጳጉሜን 2 እንደማለት። ከዚህም ሌላ ያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ የሚጨመር ቀን ስላልነበረው በዓላቱ ከዘመን ዘመን ይንሸራተቱ ነበር። ስለዚህ አንድን የግብፅ በዓል ከዲሴምበር ቀን ጋር ለሁልጊዜ ማሰር አይቻልም።

ግን ፖስቱ ሙሉ በሙሉ ከባዶ የተነሳ ነው? አይደለም። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ኢሲስና ኦሲሪስ በጻፈው መጽሐፍ ሕፃኑ ሆሩስ የተወለደው ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ሰሞን እንደሆነ ይናገራል። ይህ ወቅት በዲሴምበር መጨረሻ አካባቢ ይውላል። ፕሉታርክ ግን የጻፈው ከክርስቶስ ልደት በኋላ ነው፤ «ዲሴምበር 25» የሚል ቃልም የለውም።

ድንግልናውስ? በግብፃውያን ታሪክ ኢሲስ የኦሲሪስ ሚስት ናት። ባሏ በወንድሙ በሴጥ ከተገደለ በኋላ በአስማቷ ታነቃውና ከሱ ትፀንሳለች። በአቢዶስ በሚገኘው የፈርዖን ቀዳማዊ ሴቲ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ኢሲስ በወፍ መልክ በኦሲሪስ አስከሬን ላይ ስታንዣብብ ተቀርጻለች። አስደናቂ ታሪክ ነው፤ የድንግል ልደት ታሪክ ግን አይደለም።

12 ደቀ መዛሙርት? የሆሩስ አራት ልጆች የሚባሉ አሉ፤ የሟቹን የሆድ ዕቃ የያዙትን ማሰሮዎች የሚጠብቁ ናቸው። «12» የሚለው ቁጥር ግን ከግብፅ ጽሑፎች የተወሰደ አይደለም።

ታዲያ ከየት መጣ?

ንጽጽሩን በስፋት ያራባው ጄራልድ ማሲ የሚባል እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው። በ1907 በግብፅና በክርስትና ላይ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ በዚያው ዓመት ሞተ። ማሲ ሂሮግሊፍን ለማወቅ የጣረ ሰው ቢሆንም ሙያው አልነበረም፤ ያሰባቸውን ተመሳሳይነቶች እንደ ማስረጃ ይደረድራቸው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ «ዛይትጋይስት» የሚባል ፊልም በኢንተርኔት በነጻ ተለቀቀና ወሬውን ለአዲሱ ትውልድ አደረሰው። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የሚመጣው ስክሪንሾት የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ዋናውን ነገር ልብ በሉ። የደራሲ መብት ጊዜው ሲያልፍ መጽሐፉ ለማንም ክፍት ይሆናል። ስለ ጥንታዊት ግብፅ ጎግል ብታደርጉ ወይም ቴሌግራም ላይ ብትፈልጉ በነጻ የሚወርደው ፒዲኤፍ በአብዛኛው የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ነው። አዲሱ ጥናት ግን ወይ ውድ ነው፣ ወይ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። እናም አሮጌው ይሮጣል፣ አዲሱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ዋሊስ ባጅ ነው። ባጅ የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ ነበር። የአኒ ፓፒረስ የሚባለውን ዝነኛ ጥቅል በ1888 ግብፅ ውስጥ ለሙዚየሙ የገዛው፣ በ1895 ደግሞ ከነትርጉሙ ያሳተመው እሱ ነው። ክብረ ነገሥትንም ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ይኸው ባጅ ነው። ታታሪ ሰው ነበር፤ ውሸታምም አይደለም። ነገር ግን ባጅ በሕይወት እያለ እንኳ በርሊን ያሉ ሊቃውንት የቋንቋውን ሰዋስው ከሱ በተሻለ እየተረዱት ነበር። ከ1897 ጀምሮ ከሐውልት፣ ከመቃብርና ከፓፒረስ ላይ ቃላትን በካርድ እየለቀሙ ከ1 ሚሊዮን በላይ ካርድ ሰበሰቡ፤ ከዚያ ትልቁን መዝገበ ቃላት አወጡ። በ1927 አለን ጋርዲነር የሰዋስው መጽሐፉን አሳተመ። ከዚያ በኋላም ትርጉሞቹ ደጋግመው ታርመዋል። የባጅ መጻሕፍት ግን ነጻ ስለሆኑ ዛሬም ከማንም በላይ ይነበባሉ።

«የሙታን መጽሐፍ» የሚለውን ስም ራሱ ብትወስዱት የግብፃውያን አይደለም። በ1842 ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ሌፕሲየስ ነው። ግብፃውያኑ የሚሉት «በቀን መውጣት» የሚል ስም ነበር። ደግሞም አንድ ወጥ መጽሐፍ አይደለም፤ ወደ 200 ከሚጠጉ ጸሎትና ድግምት ውስጥ እያንዳንዱ ሟች የተወሰኑት የተጻፉበት ቅጂ ይዞ ይቀበር ነበር።

አናባቢ የሌለው ጽሑፍ

አንድ ሌላ ታዋቂ ፖስትም አለ። «ኔቸር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣው ነተር ከሚለው የግብፅ ቃል ነው፤ ነተር ማለት አምላክ ነው» የሚል። ይሄም በባጅ አጻጻፍ ላይ የቆመ ነው።

ሂሮግሊፍ አናባቢ አይጽፍም። ጥንት በግዕዝም እንዲሁ ነበር፤ ፊደላችን አናባቢ መያዝ የጀመረው በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ጊዜ ነው። «ስ-ብ-ር» ብቻ ተጽፎ ብታገኙ ሰበረ ይሁን፣ ሰባሪ ይሁን፣ ስብር ይሁን ከፊደሉ ብቻ አታውቁም። የግብፅ ሊቃውንትም እንዲህ ሲገጥማቸው ለማንበብ እንዲመች መሀል ላይ «ኤ» ድምፅ ይሰካሉ። «ነተር» የሚለው ንባብ ስምምነት ነው እንጂ ግብፃውያን የጠሩበት ድምፅ አይደለም።

ትክክለኛው ድምፅ ወደ ምን እንደሚጠጋ የምትጠቁመን የግብፅ ክርስቲያኖች የቅዳሴ ቋንቋ ናት፤ ቅብጥኛ። የጥንቱ ግብፅኛ የመጨረሻ መልክ ስትሆን በግሪክ ፊደል ከነአናባቢዋ ትጻፋለች። በቅብጥኛ ይኸው ቃል «ኑቴ» ነው። «ኔቸር» ደግሞ «ናቱራ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ መነሻው መወለድ የሚል ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በላቲን ፊደል ስናያቸው ብቻ ነው።

ሻምፖሊዮንም በ1822 ሂሮግሊፍን የፈታው ቅብጥኛ ስለሚያውቅ ነው። በ1799 የተገኘው የሮዜታ ድንጋይ አንዱን አዋጅ በሂሮግሊፍ፣ በዴሞቲክና በግሪክኛ ይዟል፤ ግሪክኛው ትርጉሙን ሰጠው፣ ቅብጥኛው ድምፁን። ሻምፖሊዮን ፓሪስ ሳለ ቋንቋውን ካስተማሩት መካከል አንድ ግብፃዊ ቄስ ነበሩ። ቋንቋው ከቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ፈርዖኖቹ ዛሬም ዲዳ ይሆኑ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ጥሩ ዜናው አዲሱም ጥናት ቀስ በቀስ እየተከፈተ መሆኑ ነው። የበርሊኑ መዝገበ ቃላት ልጅ የሆነው «ቴሳውሩስ ሊንግዌ ኤጊፕቲኤ» በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የግብፅ ጥናት ኢንሳይክሎፒዲያ ባለሙያዎች የጻፉት ነው፤ እሱም ነጻ ነው። የኦክስፎርዱ ግሪፊዝ ኢንስቲትዩት ደግሞ የቱታንክአሙን መቃብር ሲቆፈር ሃዋርድ ካርተር የያዛቸውን ማስታወሻዎችና ፎቶዎች አውጥቷል። ካርተር መቃብሩን በ1922 ቢያገኝም የተሟላውን ጥናት ሳያሳትም በ1939 ሞቷል። ማግኘትና ማሳተም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ያልታተመ ግኝት ለኛ ገና አልተገኘም።

እና ቀጣዩ ፖስት ሲመጣ አራት ነገር ጠይቁ፦

1. የትኛው ጽሑፍ ላይ ነው ያለው? እውነተኛ ምንጭ ቦታ ወይም ቁጥር አለው። የአኒ ፓፒረስ ለምሳሌ በብሪቲሽ ሙዚየም ቁጥሩ 10470 ነው። «የጥንት ግብፃውያን እንደጻፉት» ብቻ ከሆነ ተጠንቀቁ።

2. ትርጉሙ የመቼ ነው? 1895 ከሆነ ከዚያ በኋላ የተሠራውን ፈልጉ።

3. ጸሐፊው የግብፅን ጽሑፍ ነው የሚጠቅሰው ወይስ ሌላ ጸሐፊን? ከሦስተኛ ሰው የሰማ ሁሉ ምስክር አይደለም።

4. ቃልን ከቃል የሚያገናኘው በድምፅ ብቻ ነው? እንግዲያው ገና ምንም አላስረዳም። (ይሄንን በአማርኛና በግዕዝ ላይ ለሚሠሩ ቪዲዮዎችም ተጠቀሙበት!)

የጥንት ግብፃውያን ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የጻፉ ሕዝቦች ናቸው። የራሳቸው ታሪክ በቂ ድንቅ ነው፤ እኛ ያላሉትን ልናስብላቸው አያስፈልግም።

እናንተስ ስለ ጥንታዊት ግብፅ ምን አይነት ፖስት ገጥሟችኋል? ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፤ አብረን ምንጩን እንፈልጋለን። 👇