ተጨማሪ መረጃ፦ ሰው ለሚያፈናጥጥ ጀማሪ የሚሆን ሞተር ሳይክል
ለጀማሪ ከ125 እስከ 150 ሲሲ ሞተር ይበቃል። እንደ ባጃጅ ቦክሰር 150 ያለው መቀመጫው ረጅም ስለሆነ ለሁለት ሰው ይመቻል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ተቀመጡበት፤ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት በደንብ ካልረገጡ ሌላ ፈልጉ።

ሰው ሲፈናጠጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ ያደላል። የፊቱ ስለሚቀል መሪው ይዋልላል፤ ፍሬን ተይዞ ለመቆምም ረዘም ያለ ርቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ የኋላ ጎማው ነፋስ በመመሪያ መጽሐፉ ልክ ይሞላል። እዚያው የተጻፈው የጭነት ልክ የነጂውንም ክብደት እንደሚጨምር ብዙ ሰው ይዘነጋል፤ ትልቁ ስህተት ይኸ ነው። ለተፈናጣጩ የእግር መርገጫና የእጅ መያዣ መኖሩንም እዩ።

ብቻችሁን በደንብ ሳትለማመዱ ማንንም አታፈናጥጡ። ከሞተሩ መግዣ ላይም የሁለት ሄልሜት ገንዘብ አስቀድማችሁ ለዩ።