በሰው አገር ጉዳይ መግባት፦ የኃያላን ጣልቃ ገብነት ትናንትና ዛሬ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1945 ሲመሠረት ቻርተሩ ነገሩን ቆርጦ አስቀምጦት ነበር። (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 4 አባል አገሮች በሌላው ላይ ኃይል እንዳይጠቀሙ ይከለክላል፤ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ድርጅቱ ራሱ በአገሮች የውስጥ ጉዳይ እጁን እንዳያስገባ ያዛል። ኃይል የሚፈቀደው ራስን ለመከላከል ወይም የጸጥታው ምክር ቤት ሲወስን ብቻ ነው። በዚያ ምክር ቤት ግን ድምጽን በድምጽ የመሻር መብት የተሰጠው ለአምስት አገሮች ነው። ከዚያ ወዲህ በሰው አገር ጉዳይ አብዝተው የገቡትም አብዛኞቹ ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ሕጉ ለደካማው ጠብቆ ለኃያሉ የላላው ገና ከጅምሩ ነበር።

ኢራንን ሳይጠቅሱ ይህን ጉዳይ ማንሳት አይቻልም። በ1951 የቴህራን ፓርላማ በእንግሊዝ ኩባንያ እጅ የነበረው ነዳጅ የአገር ሀብት እንዲሆን ወሰነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ ሞሳዴቅም ውሳኔውን ሥራ ላይ አዋሉ። እንግሊዝ የኢራን ነዳጅ ገዢ እንዲያጣ አደረገች፤ ቆይታም አሜሪካን አሳምና አብራት ገባች። ኦገስት 15 ቀን 1953 ሌሊት የክብር ዘቡ አዛዥ ኮሎኔል ነሲሪ የኢራን ንጉሥ ሻሁ የፈረሙትን የሽረት ደብዳቤ ይዞ ሞሳዴቅ ቤት ሲደርስ እዚያው ተያዘ። ሻሁ ወደ ባግዳድ፣ ከዚያም ወደ ሮም ሸሹ። ሴራው የከሸፈ መስሎ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ግን በገንዘብ የተገዙ ሰዎች ያሉበት ሰልፍ የቴህራንን ጎዳናዎች ሞላ፤ ታንኮችም የሞሳዴቅን ቤት ደበደቡ። ሰውዬው ሦስት ዓመት ታሰሩ፤ ቀሪ ዕድሜያቸውን በአሕመድ አባድ መንደር በቁም እስር አሳልፈው በ1967 አረፉ። በ1954 በተፈረመው አዲስ ስምምነት የአሜሪካ ኩባንያዎች ከኢራን ነዳጅ 40 በመቶ ድርሻ አገኙ። ሲአይኤ መፈንቅለ መንግሥቱ የእርሱ ሥራ እንደነበር በሰነድ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው። በ1979 የቴህራንን የአሜሪካ ኤምባሲ ወረው 52 ሰዎች ለ444 ቀን ያገቱት ወገኖች ሻሁ ለሕክምና አሜሪካ መግባታቸውን ሲሰሙ የታያቸው ያው የ1953 ሴራ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝርዝር ረጅም ነው። ጓቲማላ በ1954፣ ቡዳፔስት በ1956፣ ፕራግ በ1968 ተከታተሉ። በመጨረሻዎቹ ሁለቱ ታንክ ያስገባችው ሶቪየት ኅብረት ነበረች። ተመራማሪዋ ሊንዚ ኦሩርክ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አሜሪካ በስውር መንግሥት ለመቀየር ያደረገችውን ሙከራ 64 አድርሳዋለች። ኒካራጓ አቤት ብላ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1986 አሜሪካ ሕግ ጥሳለች ብሎ ሲፈርድ ዋሽንግተን ፍርዱን አልቀበልም አለች፤ ጉዳዩ ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ሲሄድም በድምጿ ሻረችው።

እስከዚህ ድረስ መልሱ ቀላል ይመስላል፦ ማንም በማንም ቤት አይግባ። ነገሩ የሚከብደው የ1970ዎቹን መጨረሻ ስናይ ነው። ቬትናም በጃንዋሪ 1979 የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን ገብታ፣ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰው የፈጀውን የክሜር ሩዥ አገዛዝ ጣለች። በዚያው ዓመት ኤፕሪል የታንዛኒያው መሪ የጁሊየስ ኔሬሬ ጦር ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ገብቶ ኢዲ አሚንን አባረረ። የሁለቱም ድንበር አስቀድሞ ተደፍሮ ነበር፤ የገቡትም ለጽድቅ ብቻ አልነበረም። ቢሆንም ግድያው የቆመው እነርሱ ስለገቡ ነው። አሜሪካና ቻይናን የመሳሰሉ ኃያላን ግን ቬትናምን ኮንነው የካምቦዲያን የተባበሩት መንግሥታት ወንበር ለገዳዮቹ ወኪሎች ተዉላቸው። ይህ በደንብ ሊታወስ የሚገባው ነውር ነው።

ሩዋንዳ ደግሞ ያለመግባት ዋጋ የታየባት ናት። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር አዛዥ ሮሜዮ ዳሌር በጃንዋሪ 1994 የተደበቀ መሣሪያ መኖሩን ለኒውዮርክ ቢያሳውቁም መጋዘኑን እንዳይነኩ ታዘዙ። ኤፕሪል ላይ ጭፍጨፋው ሲጀመር 2,000 ያህል ሰዎች ኪጋሊ፣ ኪቹኪሮ በሚገኝ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የቤልጂግ ወታደሮችን ተጠግተው ነበር። ኤፕሪል 11 ወታደሮቹ እንዲወጡ ታዘዙ። ሰዎቹ መኪኖቹ ፊት እየተጋደሙ «አትተዉን» ብለው ለመኑ፤ ሚሊሻው ከግቢው ውጭ ይጠብቅ ነበር። አብዛኞቹ የዚያኑ ዕለት አለቁ። ከአሥር ቀን በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት 2,500 ያህል የነበረውን ጦር ወደ 270 እንዲቀነስ ወሰነ። አሜሪካ በ1993 ሞቃዲሾ ውስጥ 18 ወታደሮቿን አጥታ ስለነበር ለአፍሪካ አንድ ሰው መላክ አልፈለገችም። በመቶ ቀን 800,000 ያህል ሰው ተገደለ። ከዚህ በኋላ «የውስጥ ጉዳይ ነው» የሚለውን ቃል በንጹሕ ልብ መናገር የሚቻል አይመስለኝም።

«የመጠበቅ ኃላፊነት» የሚባለው መርሕ የተወለደው ከዚህ ጸጸት ነው፤ የዓለም መሪዎች በ2005 ተቀበሉት። መንግሥት ሕዝቡን ከዘር ማጥፋት መጠበቅ ካልቻለ ወይም ራሱ ገዳይ ከሆነ ኃላፊነቱ ወደ ዓለም ማኅበረሰብ ይሸጋገራል ይላል። ሊቢያ ላይ ግን ተሰናከለ። በማርች 2011 ምክር ቤቱ ሲቪሎችን ለመጠበቅ ኃይል ሲፈቅድ ደቡብ አፍሪካና ናይጄሪያ ሳይቀሩ ደግፈው ነበር። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ልዑክ ለሽምግልና ወደ ትሪፖሊ ለመብረር ሲነሳ ግን ፈቃድ ተነፈገ። ሲቪል ለመጠበቅ የተሰጠው ሥልጣን መንግሥት ወደ መጣል ዞረ፤ ኦክቶበር ላይ የአገሪቱ መሪ ጋዳፊ ተገደሉ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ለማግስቱ አለማሰባቸው ትልቁ ስህተታቸው እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ማግስቱን የከፈለችው አፍሪካ ናት፦ መሣሪያው ወደ ማሊ ፈሰሰ፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ደግሞ አይሲስ በሊቢያ ምድር ወንድሞቻችንን አረደ። አዲስ አበባ ውስጥ ድንኳን ጥለው የተቀመጡት ቤተሰቦች የዚያ ባዶ አገር ዋጋ ምን እንደሆነ ያውቁታል።

ጣልቃ ገብነት ሁልጊዜ በታንክ አይመጣም። በጃንዋሪ 2022 አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል አስወጣች። ጫናው የታለመው መንግሥት ላይ ነበር፤ የተጎዱት ግን ልብስ እየሰፉ የሚተዳደሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። በዚያው ሰሞን ዋሽንግተን ውስጥ «በቃ» ብለው ጣልቃ ገብነትን ያወገዙ ኢትዮጵያውያን ተሰልፈዋል፤ በዚያችው ከተማ ደግሞ ዓለም ዝም አትበለን የሚሉ የትግራይ ተወላጆች ወጥተዋል። ሁለቱም ሰልፈኞች የሚያለቅሱለት ሰው ነበራቸው።

እኛም ሁልጊዜ ተገፊ አይደለንም። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጦራችን በሽግግር መንግሥቱ ጥሪና ለራስ ደኅንነት በሚል ሶማሊያ ገባ። ሞቃዲሾን ይዞ የነበረው የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት በቀናት ተበተነ፤ አልሸባብ ግን የውጭ ጦርን መቃወም ሰበብ አድርጎ ገነነ። ለጎረቤት ኃያል የሆነ አገር ከዋሽንግተንና ከሞስኮ የተለየ መለኪያ ለራሱ ሊያወጣ አይገባም።

በእኔ እምነት አንድ ኃያል አገር ብቻውን ወስኖ የሌላውን መንግሥት ሊቀይር መብት የለውም፤ ያደረገበትም ታሪክ በአብዛኛው ጥፋት ነው። ግድያን ለማስቆም፣ ልክና ማብቂያ ባለው ተልዕኮ፣ ጎረቤቶች መክረው ሲገቡ ግን መቃወም አይገባም። ጎረቤቶች መክረው ሲገቡ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ጋምቢያን ማየት ይበቃል። ያህያ ጃሜ በ2016 መጨረሻ በምርጫ ተሸንፈው ሥልጣን አለቅም ሲሉ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ኤኮዋስ አስቀድሞ ሸማገለ፤ አሸናፊው አዳማ ባሮው ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በሴኔጋል የሚመራ ጦርም ድንበር ተሻገረ። ጃሜ በሁለት ቀን ውስጥ አገር ለቀው ሄዱ።

የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሕግም በዘር ማጥፋት፣ በጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል ጊዜ ኅብረቱ በአባል አገር ውስጥ እንዲገባ በአንቀጽ 4 ይፈቅዳል። በዲሴምበር 2015 የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱ ለቡሩንዲ 5,000 ሰላም አስከባሪ ሊልክ ወስኖ ነበር፤ የቡጁምቡራ መንግሥት እምቢ ሲል በቀጣዩ ወር የተሰበሰቡት መሪዎች ነገሩን ተዉት። አዲስ አበባ የሚሰበሰቡት መሪዎች ይህን አንቀጽ ሥራ ላይ ያውሉት፤ እነርሱ ሲተዉት ክፍተቱን ሩቅ ያለው ኃያል ለራሱ ጥቅም ይሞላዋል።