ካሜራው ከማን ጋር ይሄዳል?

ስለ ፊልም ጽሑፍና ዝግጅት ከተማርነው ጥቂቱ



ከጥቂት ወራት ወዲህ ሰው ቤት ሠርተን የምናድር ስድስት እህቶች ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እዚህ ዛማሌክ እየተገናኘን የፊልም ጽሑፍና ዝግጅት እንማራለን። አንዳንዶቻችሁ «እናንተ ደግሞ ተዋናይ ልትሆኑ ነው?» እያላችሁ ቀልዳችሁብናል። ሌሎቻችሁ ደግሞ ፊልም እንዴት እንደሚጻፍና እንደሚዘጋጅ እንድናስረዳችሁ ጠይቃችሁናል። በዚህ እትም የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችኋለን።

የሚታይና የሚሰማ ብቻ

የፊልም ጽሑፍ እንደ ልብ ወለድ መጽሐፍ አይደለም። የመጽሐፍ ደራሲ «ልቧ በሐዘን ተሰበረ» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ አንባቢውም ይረዳዋል። ፊልም ግን የሚሠራው ዓይን በሚያየውና ጆሮ በሚሰማው ነው። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ የሚገባውም ይኸው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ትዕይንት ሲጀምር ቦታው የት እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ይሁን ደጅ፣ ቀን ይሁን ሌሊት በአንድ መስመር ይጻፋል። ከዚያ ሰዎቹ የሚያደርጉትና የሚናገሩት ይከተላል። በተለመደው አጻጻፍ አንድ ገጽ በግምት የአንድ ደቂቃ ፊልም ይወጣዋል። የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ጽሑፍ ወደ 90 ገጽ ይሆናል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን «አንድ የሥራ ማለዳ ጻፉ» አለን። አንዷ እህታችን «ከእንቅልፏ ስትነሣ በጣም ደክሟት ነበር» ብላ ጀመረች። አስተማሪያችን «ድካሟን ካሜራው በምን ያየዋል?» ሲል ጠየቃት። ብዙ ካሰበች በኋላ እንዲህ ብላ አስተካከለችው፦ «የስልኩ ደወል ይጮኻል። እጇ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ያጠፋዋል። ቁጭ ትላለች። የአንድ እግሯን ካልሲ ታጠልቃለች። ሌላውን ካልሲ በእጇ እንደያዘች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗ ይከደናል።» በዚህ ውስጥ «ደክሟታል» የሚል ቃል የለም፤ ድካሟን ግን ሁላችንም አየነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ንግግር ነበር። ሰው በልቡ ያለውን ሁልጊዜ በአፉ አይናገርም። ጥሩ የፊልም ንግግርም ላይ ላዩን ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰምና ወርቅ ብለን የምናውቀው ነው። አገር ቤት ስንደውል የሚሆነውን አስቡት፦

እናት፦ በላሽ ወይ ልጄ?
ልጅ፦ አዎ እማዬ፣ ጠግቤ ነው የበላሁት።

ይህን ስትል ካሜራው ከጎኗ ያለውን ሳህን ያሳየናል። ሩዙ ቀዝቅዟል፤ ማንኪያው አልተነካም። ንግግሩ ሰሙ ነው፤ ሳህኑ ወርቁ።

ካሜራውን የት እናቁመው?

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ሥራው የአዘጋጁ ወይም የዳይሬክተሩ ይሆናል። ተዋንያኑን ይመርጣል፣ ያለማምዳቸዋል፣ የሚቀረጽበትን ቦታ ይለያል፣ ካሜራው ከየት ቆሞ ማንን እንደሚያይ ይወስናል። ከሁሉ የከበደን ይህ የመጨረሻው ነው። ነገሩ የገባን የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ትዝታ ስንሰማ ነው።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው የታርዛንን ፊልም ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላ ተደብቀው ሲመጡበት፣ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ እንደነበር ተናግረዋል። የአፍሪካ ልጆች ለምን ከታርዛን ጋር ይወግናሉ? ካሜራው ከታርዛን ጋር ስለሚሄድ ነው። ተመልካች ካሜራው የሚከተለውን ሰው ይከተላል፤ ለእርሱ ይፈራል፣ ለእርሱ ይደሰታል።

እስቲ ወደምንሠራባቸው ቤቶች እንመለስ። በቴሌቪዥን የምናየው ሙሰልሰል ውስጥ ሠራተኛዋ የሻይ ትሪ ይዛ ትገባለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትወጣለች። ካሜራው ከመዳሟና ከእንግዶቿ ጋር ሳሎን ይቀራል። አሁን ካሜራው ሠራተኛዋን ተከትሎ ወደ ማድ ቤት ቢሄድስ? የእንግዶቹን ሳቅ ከበሩ ወዲያ እንሰማለን። እርሷ የተቃጠለ ጣቷን ቧንቧ ሥር ስታስቀምጥ እናያለን። ሳሎን ውስጥ የሚባለው አንድ ቃል አልተለወጠም፤ ፊልሙ ግን ሌላ ሆነ።

ከእኛ በፊት የሞከሩት

እዚሁ ግብፅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 ሄንሪ ባራካት ከጣሃ ሑሴን ልብ ወለድ ተነሥቶ «ዱዓ አል ከረዋን» የተባለውን ፊልም ሠርቷል። ዝነኛዋ ፋተን ሐማማ፣ በእህቷ ላይ የደረሰውን ለመበቀል ብላ በአንድ መሐንዲስ ቤት በሠራተኛነት የገባች የገጠር ልጅ ሆና ተጫውታለች። ሠራተኛዋ ትሪ ይዛ የምታልፍ ሳትሆን የታሪኩ ባለቤት ናት።

ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ደግሞ በፈረንሳይ የማርሴይ ወደብ ጭነት በማውረድ የኖሩ የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ። መጀመሪያ ደራሲ ሆኑ። ከዚያ 40 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የፊልም ሥራ ለመማር ሞስኮ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ፊልማቸው፣ ልጆች ልትጠብቅ ከዳካር ወደ ፈረንሳይ አገር ተወስዳ እዚያ ምግብ አብሳይና ቤት ጠራጊ የተደረገችውን የዲዋናን ታሪክ ይናገራል። ዲዋና ለአሠሪዎቿ የምትመልሰው ጥቂት ቃል ነው። በልቧ የምታስበውን ግን ተመልካቹ በድምፅዋ ይሰማል። የፊልሙ መጨረሻ ከባድ ነውና ብቻችሁን ሆናችሁ ባታዩት እንመክራለን።

ወደ አገራችን ልጆች ስንመለስ፣ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው መጀመሪያ ቺካጎ ቲያትር ተማሩ፤ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ያህል ቀረጹ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ሲሆን በባላባት መሬት ላይ የሚደክም የገበሬ ቤተሰብን ይከተላል። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሠሩት «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አግኝቷል።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም በዓል ይፋዊ ዝርዝር ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱን በሞት ያጣውን ኤፍሬምን አባቱ ከዘመድ ዘንድ ትቶት ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ካሜራው ግን አባትየውን አይከተልም፤ ከቀረው ልጅና ከበጉ ጋር ይቀራል። ይህን ፊልም ስናይ ከመካከላችን ልጅ አገር ቤት ያስቀመጡት እህቶች አለቀሱ። እስከዚያ ቀን የጻፍነው ሁሉ ስለሄድነው ስለ እኛ ነበር። ካሜራው ከቀሩት ጋር ሲቀር ምን እንደሚያይ አስበን አናውቅም ነበር።

የተከራከርንበት ነገር

ከላይ የጠቀስነውን የሳህኑን ትዕይንት የጻፈችው እህታችን በደረሰባት ነገር ተነሥታ ነው። ጽሑፉን ለሌሎች እናንብበው ስንል እምቢ አለች። «እናቴ ደህና ነኝ ያልኳትን አምና ነው የምትተኛው። ይህ ወሬ አገር ቤት ቢደርስ እንቅልፍ ታጣለች» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ሁላችንም ደህና ነን እያልን ስለምንጽፍ አይደል ታናናሾቻችን ሳያውቁ የሚመጡት?» ስትል መለሰችላት።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ የተስማማነው፣ ታሪኩ የባለቤቱ ስለሆነ ይነበብ አይነበብ የምትወስነው እርሷ ናት በሚለው ነው። በመጨረሻ እህታችን ከተማውን፣ የቤቱን ሁኔታና የልጅቷን ዕድሜ ለውጣ እንዲነበብ ፈቀደች። ሳህኑን ግን አልለወጠችውም። ደራሲ ማለት የሚገለጠውንና የሚሸሸገውን የሚመርጥ ሰው መሆኑን የተማርነው ያን ቀን ነው።

ለመጀመር ለምትፈልጉ

ካሜራ መግዛት አያስፈልግም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። መቅረጽ የምትፈልጉ በእጃችሁ ባለው ስልክ መለማመድ ትችላላችሁ። ነገር ግን የአሠሪያችሁን ቤት፣ በተለይም ልጆቻቸውን፣ ያለ ፈቃድ አትቅረጹ፤ ሥራ ከማጣት አልፎ ሊያስከስስ ይችላል። መንገድ ላይም ሰውን ሳታስፈቅዱ አታንሡ፤ ከወታደራዊና ከመንግሥት ሕንፃዎች ራቁ። ማድ ቤታችሁን የሚመስል ትዕይንት በጓደኛ ክፍል ውስጥ መሥራት ይቻላል። ፊልም ሠሪዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ለመለማመጃ የሚሆን አንድ ሥራ እንስጣችሁ። ከእንቅልፋችሁ ከተነሣችሁበት ጀምሮ የቤቱ ሰዎች ቁርስ እስኪቀርብላቸው ያለውን ጊዜ በአንድ ገጽ ጻፉ። «አዘነች»፣ «ደከማት»፣ «ተደሰተች» የሚሉ ቃላትን አትጠቀሙ፤ የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ አስፍሩ። መጻፍ የሚያስቸግራት እህት ካለች መጥታ በቃል ትንገረን፤ እኛ እንጽፍላታለን፣ መልሰንም እናነብላታለን። የማይነበብላት እንዲሆን ከፈለገችም ወረቀቱን ይዛው ትሄዳለች።

ቸር ያገናኘን።